ካንዴላ አንባቢው ጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር መሞታቸውን የሰማሁት ሞጆ ላይ ቆዳ ስመርጥ ነው። የግቢያችን ዘበኛ ደውሎ፣ ጋሽ ከድር አረፉ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ አለኝ። አሱር ደርሷል። ብበርም አልደርስም፤ ብደርስም ሴት ነኝና መቃብሩ ድረስ አልሄድም። የያዝኩትን ቆዳ ክምሩ ላይ መልሼ፣ ነጋዴውን ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደግሞ ተናደድኩባቸው። የሞተ ሰው ያናድዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሳቸው ያናድዳሉ።

አዳማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ የጋራዥ ግቢ ብዙ ዓመት ጎረቤት ነበርን። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ካንዴላ ይሸጣሉ። ሌላ መለዋወጫም መደርደሪያቸው ላይ ነበር፣ ሰው ግን የሚመጣላቸው ለካንዴላ ነው። ካንዴላ ማለት በቤንዚን በሚሠራ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ጣት የምታክል ዕቃ ናት። እኔ እሳቸውን እስካውቅ ድረስ እንደ አምፖል ሲቃጠል አውጥተው የሚጥሉት፣ ከሱቅ ሌላ ገዝተው የሚተኩት ነገር ይመስለኝ ነበር።

የአርሲ ሰው ናቸው፤ ኢተያ ተወልደው አዳማ ያረጁ። በዚያ ሁሉ ዘይትና አቧራ መሃል ነጭ ሸሚዝና ኮት ይለብሳሉ። ሱቃቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ወዳለበት ዞረው ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩም ይዞራል። ጠዋት ሳልፍ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ፣ ጽጌ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። መልሴን ሳይጠብቁ ደግሞ ይለክፉኛል። አንቺ የሰው መቀመጫ ታሳምሪያለሽ፣ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ሰውየው ከነመቀመጫው መንገድ ላይ ይቀራል ይሉኛል። እኔም፣ ቢያንስ ተመችቶት ይቀራል እላቸዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እየተባባልን ነው የኖርነው።

ካንዴላ ሊገዛ የመጣ ሰው ከእሳቸው አፍ መጀመሪያ የሚሰማው "አሮጌውን አምጣ" የሚል ቃል ነው። አሮጌውን ሳያዩ አዲስ አይሸጡም። ሐኪም በሽተኛ ሳያይ መድኃኒት ይሰጣል ወይ ይላሉ። አዳማ ውስጥ የሚሰጥ ሞልቷል እላቸዋለሁ፤ አይስቁም። ሰውየው ተነጫንጮ ሄዶ ካንዴላዎቹን በሶፍት ጠቅልሎ ይመለሳል። ጋሽ ከድር አንድ በአንድ እያነሱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል፤ ያሸቱታል፤ በጥፍራቸው ጫፉን ጫር ያደርጉታል። ጫፉ የሻይ መልክ ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥላሸት ከለበሰ እሳቱ ደካማ ነው፣ ወይም ቤንዚን በዝቷል። እንደ ኖራ ከነጣ ደግሞ ሞተሩ ከውስጥ እየነደደ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ምንድን ነው ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት ማን እንደሚነዳው፣ የት እንደሚነዳውና ቤንዚኑን ከየት እንደሚቀዳ ነው።

እነዚያ ቱርቦ ያላቸው ትንንሽ መኪኖች በከተማችን ሲበዙ የጋሽ ከድር በር ላይ ወጣት በወጣት ሆነ። ቱርቦ አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ ነው። ልጆቹ ግን ፋብሪካው የሰጣቸው አይበቃቸውም፤ አዲስ አበባ ወስደው ቱን ያስደርጉታል፣ ማለት የመኪናውን ኮምፒውተር አስነክተው ግፊቱን ያስጨምሩታል። ከዚያ መጥተው ጋሽ፣ ውዱን ካንዴላ ስጡኝ ይላሉ። ጋሽ ከድርም፣ የወርቅ ጥርስ ነው እንዴ የምታስገባው ይሏቸዋል። ካንዴላ የሚመረጠው በዋጋው አይደለም፣ በሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ጫፉ ላይ የሚሰበሰበውን ሙቀት ቶሎ ወደ ሞተሩ አካል የሚያስተላልፍ ነው፤ ሙቅ የሚባለው ሙቀቱን ጫፉ ላይ ይዞ የሚቆይ። ልጆቹ ስሙን ሲሰሙ ሙቁ ብርቱ ይመስላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነገር ይደጋግሙላቸዋል፦ ቱርቦህን በጨመርክ ቁጥር ካንዴላህን አቀዝቅዘው፣ እሳቱ የሚዘልበትን ክፍተትም አጥብበው። ሙቅ ካንዴላ በተጨመረ ቱርቦ ላይ ፍም ይሆናል። ፍም የሆነ ካንዴላ ደግሞ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ቤንዚኑን ያነደውና ፒስቶኑን ይበሳዋል። ሰው ይዋሻል፣ ካንዴላ አይዋሽም የሚል አባባልም ነበራቸው፤ ግቢያችን ውስጥ ዘበኛው ሳይቀር ይቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ መኪና ሻጭ፣ አንዱ ገዢ። ሻጩ ጋሽ ከድር በሚሰግዱበት መስጊድ የሚሰግድ ሰው ነው። ሚስቱ ታማ ለማሳከም ነበር የሚሸጠው፤ ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ገዢው ካንዴላዎቹን አስፈትቶ አምጥቶ፣ ጋሽ፣ እስቲ እዩልኝ አላቸው። እሳቸው አዩና ሁለቱም በቆሙበት ይህ ሞተር አንድ ጊዜ ነዷል አሉ። ግዢው እዚያው ፈረሰ። ሻጩ ካንዴላዎቹን ሰብስቦ ሄደ። እኔ መርፌዬን ጥዬ መጥቼ፣ ምናለ ሰውየውን ለብቻው ጠርተው ቢነግሩት ኖሮ አልኳቸው። "ተጠየቅኩ እኮ" አሉኝ። እውነት ይወዱ ነበር ብላችሁ አትሳሳቱ። የሚወዱት ትክክል መሆንን ነው። ሁለቱ የሚለያዩ መሆናቸውን ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬ አልተሳካልኝም።

እንዲህ ያሉት ሰውዬ አንድ የሚሳሱለት ልጅ ነበራቸው። ሙራድ ይባላል፤ የእህታቸው የአዴ ዘይነባ ልጅ ነው። አባቱ ሙራድ ድክ ድክ ሳይል ሞቶ ጋሽ ከድር ናቸው ያሳደጉት። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ባለቤታቸውም ቀድመው ሞተዋል። ሙራድ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። ሳቂታ ነው፤ እኔን እትዬ ጽጌ እያለ የወንበር ልብስ ቁርጥራጭ ለመኪናው መወልወያ ይለምነኛል። ቱርቦ ያላት ነጭ መኪና ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ቱን አስደረጋት። ጋሽ ከድር ሲሰሙ ግቢው እስኪሰማ ተቆጡት፤ ቁጣቸው ሲበርድ ኮታቸውን አውልቀው የሞተሩን ኮፈን ከፈቱ። ኮታቸውን ሲያወልቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ቀዝቃዛውን ካንዴላ መርጠው፣ ክፍተቱን በስስ ብረት ለክተው፣ በገዛ እጃቸው አሰሩለት።

ምርጫቸው ትክክል ነበር። ችግሩ የመኪናዋ ሥራ ከቤት ፓርክ፣ ከፓርክ ቤት መሆኑ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ማደያ በር ላይ ተሰልፋ ግማሽ ቀን ትንፏቀቃለች። ቀዝቃዛ ካንዴላ እንዲህ በዝግታ ሲሄዱበት ጥላሸቱን የሚያቃጥልበት ሙቀት አያገኝም። መኪናዋ ማሳል ጀመረች፤ አደባባይ መሃል ትጠፋለች፤ ባጃጆቹ ይሰድቡታል። ሙራድ ራሱ ብዙም አላማረረም። ያማረሩት አዴ ዘይነባ ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ለቅሶ ቤት ሊያደርሳቸው ጭኗቸው ሲሄድ መኪናዋ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

"ልጄን የመንገድ መሳቂያ አደረግከው" አሉ ወንድማቸውን።

ጋሽ ከድር ስለ ሙቁና ስለ ቀዝቃዛው ሊያስረዱ ጀመሩ። አዴ ዘይነባ አላስጨረሷቸውም። ይህን ለደንበኞችህ ንገር፣ የእኔ ልጅ የሚሄደው ሥራና ቤት ነው፣ ለእሱ የሚሆነውን ምረጥለት አሉ። ቆጣ ብለው ጀምረው በልመና ጨረሱ። ጋሽ ከድር ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። በመጨረሻ እሺ አሉ። እኔ ከዚያ በፊት እሺ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ፣ ሰውዬው ልብ አላቸው ለካ ብዬ ስቄያለሁ።

ሙራድ መጣ፤ ቀዝቃዛዎቹ ወጡ፣ ሙቆቹ ገቡ። ጋሽ ከድር ሞተሩን አስነስተው እያዳመጡ፣ ይህን ያደረግኩት ከከተማ እንዳትወጣ ነው፣ ቱርቦውን አትርገጠው፣ ሩቅ መንገድ ስትሄድ መጥተህ ታስቀይራለህ አሉት። ሙራድ ወላሂ ብሎ ማለላቸው። መኪናዋ ከዚያ ወዲያ አላሳለችም። አዴ ዘይነባም ለወንድማቸው በሰሃን ጭኮ ላኩላቸው፤ ለእኔም ደርሶኛል።

የሙራድ የሥራ ባልደረባ አገባ። ሙሽራዋ የባቱ ከተማ ልጅ ናት። እሁድ ጠዋት አጃቢው ከአዳማ ተነሣ። የሠርግ አጀብ እኛ አገር እንዴት እንደሚነዳ ታውቃላችሁ፤ ጥሩምባው፣ መሽቀዳደሙ፣ በመስኮት ወጥቶ ቪዲዮ መቅረጹ። ፈጣን መኪና ያለው ሰው ወደ ኋላ ቅር ቢባል አይቀርም። ሙራድ ካንዴላውን ሊያስቀይር አልመጣም። መቼም ረስቶት ይሆናል፣ ወይም እሁድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው ብሎ ይሆናል። ማደያ ሰልፉን አይቶ ቤንዚኑን ከመንገድ ዳር በጀሪካን ነበር የቀዳው። ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋን ይዘው ሲመለሱ፣ በዚያ ፀሐይ፣ መቂ ሳይደርሱ አንድ ተሳቢ ቀድሞ ሊወጣ ረገጣት። ከኋላው የነበሩት እንደነገሩን፣ ተሳቢውን አጋምሶ ሳለ ከመኪናዋ ጭስ ወጣ፣ ጉልበቷም ድንገት ጠፋ። ወደፊትም ወደኋላም መሆን አልቻለም። ከፊት ሽንኩርት የጫነ መኪና እየመጣ ነበር።

በሙራድ ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት ሰጠ። የሽንኩርቱ ሾፌር ነው ያለ አለ፤ አጀቡ ነው ያለ አለ። የግቢያችን ዋና መካኒክ ደግሞ የጀሪካኑ ቤንዚን ነው አለ፤ ነጭ ጋዝ እየቀላቀሉ እንደሚሸጡትና እንዲህ ያለ ቤንዚን የተጨመረ ቱርቦን በአንድ ጉዞ እንደሚገድል አስረዳ። ሰዉ ይህን ተቀበለው። አዴ ዘይነባ ግን ምክንያት አልፈለጉም። ቀኑ ነው፣ የሰጠ አላህ ነው የወሰደ አላህ ነው ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ እንባቸው ቢወርድም ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። ጋሽ ከድር ጥግ ላይ ተቀምጠው መካኒኩን ያዳምጡ ነበር።

ለቅሶው በረድ ሲል ጋሽ ከድር ወደ እኔ መጡ። የመኪናዋ ስብርባሪ መቂ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆማለች፤ በፒካፕሽ አድርሽኝ አሉኝ። ለምን አልኳቸው። "ላነበው ነው" አሉ። አይሆንም ልል አፌን ከፍቼ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ፖሊሶቹ ምርመራቸውን ጨርሰው ስለነበር ዘመድ መሆናቸውን ሲሰሙ አስገቡን። የመኪናዋን ፊት እንኳ ሰው፣ ብረትም አይቶ የሚችለው አይመስለኝም። ጋሽ ከድር ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና የተጨማደደውን ኮፈን በሊቨር ፈልቅቀው ካንዴላዎቹን መፍታት ጀመሩ።

ሦስቱን አውጥተው አዩና መሬት ላይ አስቀመጡ። አራተኛውን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። ለእኔም አሳዩኝ። ጫፉ የለም፤ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን ተንጠባጥቧል። ቤንዚኑ ቢሆን ኖሮ የካንዴላው ነጭ ሸክላ ይሰነጠቅ ነበር፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይረጭበት ነበር አሉኝ። ይኼ ፍም ሆኖ የቀለጠ ነው አሉ። እኔ ካንዴላ አላነብም። መካኒኩ ቤንዚን ነው ብሏል፣ ሁለቱም ተደራርቦ ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል ብዬ ተሟገትኳቸው። "እኔ አውቃለሁ" አሉ። ካንዴላውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

አዳማ ስንገባ ወደ እህታቸው ቤት ንጂልኝ አሉኝ። መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩና ለመንኳቸው። እሳቸው አልጠየቁዎትም፣ ማንም አልጠየቀዎትም፣ ለአላህ ሰጥተውታል፣ ይተዉአቸው አልኳቸው። እኔ ሳልነግራት የእሷን ውሃ አልጠጣም አሉኝ። ነዳሁ። አሁንም ያን ቀን ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ውሃ የተባለው ነው፤ እህታቸው ይህን ከሰሙ በኋላ ምን እንደሚጠጡ አላሰቡም።

አዴ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ከድር ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው መሐረቡን ፈቱ። ልጅሽን የገደለው ይህ ነው፣ የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ ትክክሉን አውጥቼ ስህተቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ አሉ። አልቅሰው አልነበረም የነገሯቸው፤ ለደንበኛ እንደሚያስረዱት አንድ በአንድ ነበር። አዴ ዘይነባ ብረቷን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። ቀና ብለውም ወንድማቸውን አዩ።

"መጥቼ ያስቀየርኩህ እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኛ የገደልኩት?"

ጋሽ ከድር አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ አይደለሽም ይበሉ፣ አንድ ጊዜ አይደለሽም ይበሉ እያልኩ በልቤ እለምን ነበር። አላሉም። መሬት መሬት አዩ። አዴ ዘይነባ ብረቷን መሐረቡ ላይ መልሰው አስቀመጡ፣ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፣ በሩንም ዘጉት። እኛም ወጣን።

ከዚያ ወዲያ ወንድምና እህት አልተነጋገሩም። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን አልዘጉም፤ ግን አሮጌውን አምጣ ማለት ተዉ። ልጆቹ ውዱን ሲሉ ውዱን ይሰጧቸዋል፣ ሙቁን ሲሉ ሙቁን። አንድ ቀን አንዱ ልጅ በሶፍት የተጠቀለለ ካንዴላ ይዞ መጥቶ እዩልኝ ሲላቸው፣ ዓይኔ ደክሟል፣ መካኒኩን ጠይቅ ብለው መለሱት። ወንበራቸውም ግድግዳ ሥር ጥላ ውስጥ ገባ። እኔ እንደ ድሮው ልለክፋቸው እሞክራለሁ፤ ፈገግ ይሉና ይተዉታል። በኋላ ደረታቸውን አመማቸው፣ ሐኪም ቤት መመላለስ መጣ፣ ቀጥሎ አልጋ ላይ ቀሩ።

አልጋ ላይ ሳሉ አዴ ዘይነባ በየቀኑ በእኔ እጅ ምግብ ይልኩ ነበር። ከእኔ ነው እንዳትዪው አሉኝ፤ እኔም አላልኩም። ቤታቸው ሁለት መንገድ እንኳ አይራራቅም። እሳቸው ሾርባውን ቀምሰው ወደ ግድግዳው ይዞሩና ቀስ ብለው ይጨርሱታል፤ ማን እንደሠራው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔ ግን አንዱ ይጠይቃል፣ አንዷ ትመጣለች ብዬ እስከ መጨረሻው ጠብቄ ነበር።

ከሞጆ በመጣሁበት ቀን ማታ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ደረስኩ። አዴ ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ውስጠኛው ክፍል ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀንስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ያን ቀን በር ላይ ቆመሽ ነበር። የጠየቅኩትን ሰምተሻል" አሉኝ።

ሰምቻለሁ አልኳቸው። መካኒኩ ቤንዚኑ ነው ያለውን፣ ጋሽ ከድርም ሊሳሳቱ እንደሚችሉ መናገር ጀመርኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው አስቆሙኝ። የቤንዚኑ ነገር ለእሳቸው ምንም አልነበረም።

"አይደለሽም ቢለኝ ኖሮ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር" አሉ። "እኔም አውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር። አይደለሽም ብሎኝ ሁለታችንም እያወቅን አብረን እናረጅ ነበር።"